ይህን ክኒን ለማን ለማን ያካፍላሉ?

ጡረታ ስወጣ ያስረከብሁት ሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ የመጋዘኑ፣ አንዱ በጥንቃቄ የሚያዙት መድኃኒቶች የሚቀመጡባት የብረት ቁም ሣጥን። አስረካቢና ተረካቢ ፈረምን። የንብረት ክፍሉ ሰው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ መጨረሻ ላይ ከመድኃኒት ማደያው መስኮት አጠገብ ያለችውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይቶ «ይቺስ?» አለኝ። መዝገቡ ላይ የለችም። ቁጥርም አልተጻፈባትም። ከሌለች ይዣት እሄዳለሁ አልሁት፤ ከራሱ ጋር ትንሽ ተሟግቶ እሺ አለ። በብብቴ ይዣት በፍኖተ ሰላም አስፋልት ወደ ቤቴ ወረድሁ። ያየኝ ሰው ሁሉ የጡረታ ሽልማቷ ይቺ ናት ሳይል አልቀረም።

ሙያዬ መድኃኒት ማደል ነው፤ በድሮው አጠራር ድራጊስት። የገጠሩ ሰው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ ነርስ ሳልሆን ዕድሜዬን ሙሉ ሲስተር ተብዬ ኖርሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ አርም ነበር። ኋላ ተውሁት፤ ሰውየው ሆዱን ይዞ መጥቶ ስለ ማዕረጌ ምን አስጨነቀው። ስለ ደመወዜም የማወራው የለኝም፤ ሲጨምሩ ጨመሩ፣ ሲያዘገዩ አዘገዩ። የሠራሁባቸውን ቤቶችም ስም አልጠራም። ከዚህ በታች የምጽፈው ጥፋት የእኔ ነው፤ ቤቶቹ በእኔ ምክንያት እንዲወቀሱ አልፈልግም።

የመጀመሪያ ምድቤ ቡሬ ነበር። ማደያው ውስጥ አንድ ሽበታም ሰው ጠበቁኝ፤ ጋሼ ልየው ይባላሉ። በወረቀት ትምህርታቸው ከእኔ ያንሳል። በጤና ረዳትነት ብዙ ዘመን ቆይተው፣ አጭር ሥልጠና ወስደው ወደ መድኃኒት ክፍል የተሻገሩ ናቸው። እኔ ደግሞ የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ ሠንጠረዡን በቃሌ የምወርድ ልጅ ነበርሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ተምሬ የጨረስሁ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ ልየው ታካሚን አቁመው አያናግሩም። በርጩማዋን ለአናጢ ከፍለው ያሠሯት እሳቸው ናቸው። የቆመ ሰው ልቡ መንገድ ላይ ነው፣ ትናንት የበላውን አያስታውስም ይሉ ነበር። ሰውየው ከተቀመጠ በኋላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ብለው አይጠይቁም። ጥያቄያቸው «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ» የሚል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የእኛ አገር ገበሬ መድኃኒት ሲባል የሚታየው መርፌ ነው። ባለፈው ወር የተሰጠው ክኒን፣ ጎረቤት ያቀመሰችው ኮሶ፣ ለሆድ ቁርጠት የተበጠበጠ ፌጦ፣ ለብርድ ብሎ የተጎነጫት አረቄ መድኃኒት ሆነው አይቆጠሩም። አፍዎ የገባውን ሲሉት ግን ከጠዋቱ ቆሎ ጀምሮ አንድ በአንድ ይዘረግፋል።

ቀጥለው የጋቢውን ጫፍ ያስፈቱታል። ቆላም ደጋም ሰዉ ክኒን የሚቋጥረው እዚያ ነው። ከወሩ በፊት የተረፈው፣ የአጎቱ፣ የገበያው፣ ሁሉም በአንድ ቋጠሮ ነው የሚገኝ። ጋሼ ልየው አንዲት ነጭ ሳህን ላይ ያፈሱትና በእስኪርቢቶ ጫፍ በየወገኑ ይለዩታል። ሲለዩ አይቆጡም፤ ይህስ ምን ነበር፣ ይህስ ከማን መጣ እያሉ ነው። ተቆጥቶ የሚለይ ሰው ሁለተኛ ጋቢ አይፈታለትም።

እኔን ያበሳጨኝ ግን የመጨረሻው ጥያቄያቸው ነበር። መድኃኒቱን በእጃቸው እንደያዙ፣ ሳይለቁት፣ «ይህን ክኒን ለማን ለማን ያካፍላሉ?» ይላሉ። ያካፍላሉ ወይ አይሉም፤ ለማን ነው የሚሉት። ሰውየውም አያፍርም፤ ሚስቴም እንዲህ ያደርጋታል፣ ለልጄም ግማሽ እሰጠው ይሆናል ይላል። እሳቸውም የዚያችን ሚስትና የዚያን ልጅ ዕድሜና ሕመም፣ እርጉዝ መሆን አለመሆን ሳይቀር መጠየቅ ይጀምራሉ። ሰልፉ ይረዝማል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና ትምህርት ቤት የተማርነው ሌላ ነው፣ እንዲህ ብለው ሲጠይቁ ማካፈል ይቻላል እያሏቸው ነው እኮ አልኋቸው።

«እኔ አልሁም አላልሁም ያካፍላሉ» አሉኝ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ያደገን ሰው፣ መድኃኒት ሲሆን ለብቻህ ብላ ብትይው የሚሰማሽ ይመስልሻል? አታካፍል ካልሽው እሺ ብሎሽ ይሄዳል። ለማን ካልሽው ስም ይጠራልሻል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።»

አላመንኋቸውም። የቡሬን ሰው የቤት ውስጥ ጉዳይ ማወቅ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው ብዬ አለፍሁት።

የሌላው ነገራቸው እውነትነት ግን ዓይኔ ሥር ሲደጋገም መቀበሌ አልቀረም። አንድ ሰው ለግርሻ ትኩሳት ቴትራሳይክሊን ተሰጥቶት ሳይሻለው ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ያከመው ባለሙያ መድኃኒቱ ደካማ ነው፣ ከፍ ያለ ይለወጥለት ብሎ ጻፈ። ጋሼ ልየው አስቀምጠው አፉ የገባውን ሲያስቆጥሩት፣ ክኒኑ ልቡን ስለሚያቃጥለው በእርጎ ነበር የሚያወርደው። ሠንጠረዡ ላይ ወተት የዚህን መድኃኒት ኃይል ይይዘዋል የሚለው መስመር በቃሌ ነበረ፤ ሰውየው ፊቴ ቆሞ ሁለት ጊዜ ሰጥቼው ግን በምን እንደሚውጥ አልጠየቅሁትም። በውኃ እንዲወስድ፣ እርጎውን ከሰዓታት በኋላ እንዲጠጣ ተነግሮት ያው መድኃኒት አዳነው። ከዚያ ወዲያ ሠንጠረዡን በቃሌ መውረዴን ለሰው ማሳየት ቀነስሁ።

የዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሥራችን ሌላ መልክ ይይዛል። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» ብሎ የጻፈ ሐኪም የጎጃምን ጾም የረሳ ሐኪም ነው። ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው ሦስቱን ክኒን በአንድ ላይ ማታ ይወስደዋል፤ ወይም የስኳሩን ክኒን በጠዋት ውጦ ባዶ ሆዱን ቅዳሴ ይቆማል። አንድ መሪጌታ እንዲህ ሆነው ከቅኔ ማኅሌት ተዝለፍልፈው ወድቀው አመጡልን፤ ሰዉ መንፈስ ነው ሲል የነበረው የስኳር ማነስ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ልየው ከመሪጌታው ጋር አልተከራከሩም። የንስሐ አባታቸው ማን እንደሆኑ ጠይቀው ሄደው አነጋገሯቸው። ክኒኑ ከምግቡ ሰዓት ጋር ወደ ከሰዓት ዞረ፤ ሐኪሙም መጠኑን ቀነሰ። ከዚያ በኋላ እኔም የመድኃኒት ሰዓት የማወጣው ደወል ስንት ሰዓት ይደወላል፣ ቅዳሴ መቼ ይወጣል ብዬ ነው።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስዛወር ጋሼ ልየው በርጩማዋን ሰጡኝ። እሳቸው ጡረታቸው ደርሶ ነበር። ምንም ንግግር አላደረጉም፤ እግሯ ትወዛወዛለች፣ ሽብልቅ አስገቢላት ብቻ አሉኝ።

ፍኖተ ሰላም ትልቅ ሥራ ነበር። አለቃዬ ቀልጣፋና ሐቀኛ ሰው ነው፤ አንድ ችግሩ ሰልፍ አይወድም። በመስኮቱ ሲያልፍ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የበላውን ሲቆጥር ካየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔም ቀስ በቀስ ማሳጠር ጀመርሁ። ጾሙንና ምግቡን አልተውሁም፤ ስሜ የተጠራው በእሱ ነበርና። የጋቢ ጫፍ ማስፈታቱንም አልተውሁም። የተውሁት የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። በእሱ ፋንታ በትምህርት ቤቱ ደንብ «ለማንም እንዳያካፍሉ» ማለት ያዝሁ። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ሰዉም ሁሉ እሺ ሲስተር ይላል።

ይታይሽን ያወቅኋት እዚያ ነው። ከወንበርማ ከሽንዲ ወዲያ ካለ ቀበሌ የምትመጣ፣ ዕድሜዋ አርባን ያልዘለለ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ልጅነቷ ላይ በያዛት የመገጣጠሚያ ሕመም ሰበብ ልቧ ተጎድቶ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰው ሠራሽ የልብ በር፣ ቫልቭ የሚሉት፣ ተገጥሞላታል። እንዲህ ያለ በር ያለበት ልብ ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ይፈልጋል። ክኒኑ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሲያንስ ደሙ ይረጋና ይገድላል፣ ሲበዛ ይፈስና ይገድላል። ደግሞም ከብዙ ምግብና ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጣላል። ስለዚህ በየወሩ ደሟ እየተለካ መጠኑ ይስተካከላል፤ ማስረዳቱ የእኔ ድርሻ ነበር።

በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ደሟ ያለ ምክንያት ቶሎ የሚረጋ ሆነ። ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምር ነበር። በርጩማዋ ላይ አስቀምጬ ሳስቆጥራት ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ጎመን ነው የምትበላው፤ ጎመን ደግሞ የዚህን ክኒን ሥራ ያፈርሳል። ብንጨምርላት ኖሮ ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ ሲቀር የተጨመረው መድኃኒት ደሟን ያፈሰው ነበር። ጎመን አትብዪ ብላት ደግሞ በጾም ምን ትብላ? እኩል ብዪ አልኋት፤ በጾምም በፍስክም፣ በሳምንት ይህን ያህል ቀን፣ በአንዲት ጣሳ ልክ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። እንዳልኋት አደረገች። በፋሲካ ማግሥት ሳይቀር ከዶሮው ጎን ጎመኗን ታቀርብ ነበር አሉ፤ ጎረቤቶቿ ሲስቁባት ጎመን በጤና ነው ትላቸዋለች። ደሟ በየወሩ ሲለካ ልኩ ላይ ሆነ። ሐኪሙ ለሌሎች ሐኪሞች ሲያወራልኝ ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ አስተምሬያት ነበር። ከዋርፋሪን ጋር የሚጣሉት መድኃኒቶች ብዙ ስለሆኑ ስማቸውን ሁሉ ልትይዝ አትችልም። «ከእኔ እጅ ያልወጣ ክኒን አፍሽ አይግባ» አልኋት። አጭርና የማይረሳ መስሎኝ ነው። አልረሳችውም።

ባሏ አቶ ቢተው ይባላል። ቀጠሮዋ ሲሆን አብሯት ይመጣና ደጅ ላይ ከዘራውን ተደግፎ ይጠብቃታል፤ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ዓመት፣ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ብቻውን መጣ። ለበዓሉ ከታረደው ሥጋ ይሁን ከውኃው ሆዱን ታሞ፣ ተመርምሮ፣ ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ታዞለት ነበር። ሰልፉ እስከ አጥሩ ደርሷል። ይታይሽ ደህና ናት? አልሁት። እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ። በእኛ አገር ለሰላምታ የሚሰጥ መልስ ይኸው ነው፤ ቤቱ እየተቃጠለ የመጣም ሰው መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። አላስቀመጥሁትም። ጠላና አረቄ ከዚህ መድኃኒት ጋር እንዳይቀምሱ አልሁት፤ እሺ አለ። ጨርሰው ይውሰዱ፤ እሺ። ለማንም እንዳያካፍሉ፤ እሺ ሲስተር። የሚቀጥለው አልሁ።

ይታይሽን ያመጧት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ድዷ ይደማል፣ ክንዷና ጭኗ ላይ እንደ በለስ የጠቆረ ሰንበር አለ፣ ራሷን በጣም ያማታል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ አይቶ ገባው፤ ዋርፋሪኑ በዝቶ ደሟ መርጋት ተስኖታል። ለምን እንደበዛ ግን አላወቀም። የምትወስደው መጠን አልተለወጠም፣ ጎመኗንም አላቋረጠችም። እኔ ወጥቼ አቶ ቢተውን ሌላ ምን ወሰደች ብዬ ጠየቅሁት። የጋቢውን ጫፍ ፈታ። የሰጠሁት የሜትሮኒዳዞል እሽግ ነው። ለእሱ ብቻ ቢሆን ሊያልቅ ከሚገባው በላይ አልቋል። ሜትሮኒዳዞል ሰውነት ዋርፋሪንን እንዳያስወግድ ይከለክላል፤ ያው ክኒን በዚያው መጠን እየተጠራቀመ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሠንጠረዡ ላይ በቀይ ከተጻፉት አንዱ ነው።

ያን ጊዜ የተናገርሁትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሰው ነበረ፣ ነርሶች ነበሩ፣ ወንድሟ ነበረ። «አያ ቢተው፣ ለማንም አያካፍሉ ብዬዎት ነበር እኮ» አልሁት። አልጮህሁም። በደህና ድምፅ ነው ያልሁት፤ ያ ይመስለኛል የባሰው። አቶ ቢተው መሬት መሬት አየ። ወንድሟ ዞሮ አየው።

የሚደረገው ሁሉ ተደረገላት፤ ከፍ ወዳለ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር ስትላክ አምቡላንሱ ዳንግላን ሳያልፍ ዐረፈች።

ሪፖርት ተጻፈ። ታካሚዋ ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት ያለ ባለሙያ ምክር ወስዳለች፤ ለባለቤቷ እንዳያካፍል ምክር ተሰጥቶት ነበር የሚለውን ዐረፍተ ነገር የጻፍሁት እኔ ነኝ። አንድም ቃሉ ሐሰት አይደለም። አለቃዬ አንብቦ አንቺ የሚጠበቅብሽን አድርገሻል አለኝ። ፈረመበት፣ ፋይሉ ውስጥ ገባ።

በዚያው ሳምንት ቡሬ ሄጄ ጋሼ ልየውን አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጎመኑን፣ ጣሳውን፣ ገበያውን፣ ሰልፉን።

«ጠይቀሽው ነበር?» አሉኝ።

«ነግሬው ነበር» አልሁ።

«መጠየቅሽን ነው ያልሁሽ።»

አላጽናኑኝም፣ አልተቆጡኝምም። የበርጩማዋን እግር ሽብልቅ አስገባሽለት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላስገባሁለትም ነበር።

ተመልሼ በርጩማዋን አሠራኋትና ሰው አስቀመጥሁባት። አለቃዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንዳልሰማሁ ሆንሁ። ለማን ለማን ያካፍላሉ ስል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስም ይዘረገፍልኝ ጀመር። የደም ግፊት ክኒኗን ራሱን ለሚያመው ባሏ የምትሰጥ ሴት መጣች። የጨጓራ ክኒኑን ከእናቱ ጋር እኩል የሚካፈል ሰው መጣ፤ እናቱ የጨጓራው ክኒን የሚያዳክመውን የሳንባ መድኃኒት እየወሰዱ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ነው። አንድ ሽማግሌ የዓይን ጠብታ ሳይቀር ለጎረቤታቸው ለነጋዴው ለአቶ ሰይድ እያካፈሉ ኖረዋል፤ እሱም በፈንታው የራሱን የእግር ቅባት ያካፍላቸዋል። ስንቱን እንዳተረፍሁበት አላውቅም። ያተረፍሁት አይታይም፤ ይቺ ሥራ እንዲህ ናት።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮምፒዩተር ገባልን። የማይስማሙ ሁለት መድኃኒቶች ሲያገኝ ቀይ ያበራል፤ እኔም አመሰገንሁት፣ በቃሌ ከያዝሁት ይበልጣል። ግን የሚያበራው ሁለቱ በአንድ ሰው ስም ሲገቡ ነው። ቢተው በአንድ ስም፣ ይታይሽ በሌላ ስም ነበሩ፤ ያን ቀን ቢኖርም ኖሮ ዝም ይል ነበር። ለተተኪዬ ይህን ነግሬያታለሁ። በርጩማ ግን የራሷን ታሠራ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያለ ሥራ ሰው ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ሞከርሁ። ግቢ ጠረግሁ፣ ከዘመድ ዘመድ ዞርሁ። አንድ ነገር ግን በየቀኑ ይመጣብኛል፤ የይታይሽ መሞት ብቻ አይደለም፣ እሷን ስንት ጊዜ አልቅሻታለሁ። ሰው ፊት ለባሏ የተናገርኋት ቃል ናት። እሱ በሰው ዓይን ሚስቱን የገደለ ሆኖ እየኖረ፣ እኔ የሚጠበቅብኝን ያደረግሁ ሆኜ የስንብት ጋቢ ተሸልሜያለሁ። ሳልሞት ወይም ሳይሞት ቃሌን መመለስ ነበረብኝ። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሽንዲ ወረድሁ፤ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር።

አቶ ቢተው ግቢው ውስጥ በርበሬ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ነበር። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ወዲያው አወቀኝ፤ ሲስተር ብሎ አጎንብሶ ጨበጠኝና ከጥላው ሥር መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈልኝ። ሰላምታችን እንደ አገራችን ረዘመ። ልጆች እንዳልነበሯቸው አውቃለሁ፤ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልሁም።

«አያ ቢተው፣ ያን ቀን ሰው ፊት የተናገርሁዎትን ቃል ልመልስ ነው የመጣሁ» አልሁት። «ጥፋቱ የእኔ ነበር። እሷም ታማ እንደሆነ፣ ክኒኑን ለማን እንደሚያካፍሉ ልጠይቅዎት ይገባ ነበር። ልማዴም ነበር። ለሰልፍ ብዬ ተውሁት።»

በርበሬውን በእጁ መገልበጡን ቀጠለ። የሚቆጣ መሰለኝ፤ ቢቆጣ እመርጥ ነበር።

«ብለውኛልኮ፤ እውነትዎን ነው» አለ። «ግን ሲስተር፣ ባልና ሚስት ከአንድ ገበታ ነው የምንበላ። ያመመንም ከአንድ ገበታ ነው። እሷ ሆዷን ይዛ ስታቃስት እኔ ፊቷ ለብቻዬ ልዋጥ?»



«እሷስ እንቢ ብላ ነበር» አለ ቀጥሎ። «ከሲስተር እጅ ያልወጣ አልቀምስም አለችኝ። እኔ ነኝ ያልኋት። እሷው ናት የሰጠችኝ፣ በገዛ እጇ ነው ያወጣችው አልኋት። እንዲህ ስላት ነው የዋጠችው።»

ይህን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ጠብቃ ነው የሞተችው፤ ትእዛዜን እስከ መጨረሻው ጠብቃ። የሰው ግቢ መሆኑን ረስቼ አለቀስሁ። አቶ ቢተው አላባበለኝም፣ ፊቱን ወደ በርበሬው አዞረልኝ፤ ሳለቅስ እንዳላየ ለመሆን ነው።

«ቢጠይቁኝስ እነግርዎ ነበር» አለ ስጨርስ። ወቀሳ አልነበረም። እንዲያው እውነቱን ነው የነገረኝ።

ልሄድ ስነሳ ቆዩ አለኝና የጋቢውን ጫፍ ይፈታ ጀመር። ግፊት ነው ብለው ከሽንዲ ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጥተውታል፤ ደህና መድኃኒት መሆኑን እንድመለከትለት ፈለገ። ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። ደህና ነው። በጠዋት አንድ፤ ፍስክም ሆነ ጾም አይከለክለውም። ጨው ይቀንሱ አልሁት። እሽጉን ልመልስለት እጄን ዘርግቼ፣ ሳልለቀው፣ ከአፌ ወጣ፤

«ይህን ክኒን ለማን ለማን ያካፍላሉ?»

አቶ ቢተው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ደጃፍ አየ።

«አሁንማ ለማን አካፍለዋለሁ፣ ሲስተር» አለኝ። ክኒኑን ከእጄ ወስዶ ጋቢው ጫፍ ላይ መልሶ ቋጠረው።